ምን ተለወጠ? ብሎ የሚጠይቀው ፕሮግራም

እ.ኤ.አ. በ1976 በአሜሪካው ቤል ላብስ የሚሠራ አንድ ፕሮግራመር እየተብከነከነ ወደ ባልደረባው ወደ ስቱዋርት ፌልድማን ቢሮ ገባ። ጠዋቱን ሙሉ አንድ ስሕተት ሲያሳድድ ቆይቷል፤ ለካ ስሕተቱን አስቀድሞ አርሞታል። ያረመውን ፋይል ግን ኮምፓይል አላደረገውም፤ ማለትም ወደ ማሽን ቋንቋ አልለወጠውም። ሲፈትሽ ያረፈደው አሮጌውን ፕሮግራም ነበር። ፌልድማንም በዋዜማው ምሽት ተመሳሳይ ጣጣ ገጥሞት ስለነበር ነገሩ ገባው። በዚያው ሳምንት መጨረሻ ሜክ የተባለውን ፕሮግራም ሠራ።

ሜክ የሚመራው በአንድ ጥያቄ ነው፤ ምን ተለወጠ? ፕሮግራመሩ ሜክፋይል በሚባል ሰነድ ላይ የትኛው ፋይል ከየትኞቹ፣ በምን ትእዛዝ እንደሚሠራ ይጽፋል። ሜክ ደግሞ ሰዓት ያመሳክራል። ምንጩ ከውጤቱ በኋላ ተነክቶ ከሆነ ሥራው ይደገማል፤ ካልተነካ ይታለፋል። የኮምፒውተሩ ሰዓት ሲዛባ ሜክም አብሮ የሚሳሳተው በዚህ የተነሳ ነው።

አንድ የቆየ እንከን አለበት። በሜክፋይል ውስጥ የትእዛዝ መስመር የሚጀምረው በታብ ነው፤ በታቡ ፋንታ ስፔስ ከተመታ ሥራው ይቆማል፣ ሁለቱን ደግሞ ዓይን አይለያቸውም። ፌልድማን ሊያስተካክለው ይችል ነበር። ግን ያኔ ደርዘን ያህል ተጠቃሚዎች ስለነበሩት እነሱን ላለማስቸገር ተወው። እነሆ እስከ ዛሬ ጀማሪው ሁሉ በዚያች ታብ ይሰናከላል።

ፕሮጀክቱ ሲገዝፍ ጥያቄው ይከብዳል። የሊኑክስ ከርነል፣ ማለትም የሥርዓተ ክወናው እምብርት፣ ከ30 ሚሊዮን መስመር በላይ ኮድ አለው፤ ከእጅ ስልክ እስከ ሱፐርኮምፒውተር ስለሚሠራም ለሁሉም በአንድ ልክ አይሰፋም። ስለዚህ ከመገንባቱ በፊት ይዋቀራል። ኬኮንፊግ የተባለው ሥርዓት ከ10 ሺህ በላይ ምርጫዎችን ይዟል። ለአብዛኞቹ መልሱ ከሦስት አንዱ ነው፦ ከከርነሉ ጋር ይዋሃድ፣ ሲፈለግ የሚጫን ሞጁል ይሁን፣ ወይም ይቅር። መልሶቹ በአንድ የኮንፊግ ፋይል ይሰፍራሉ።

እዚህ ላይ ነው ብልሃቱ። የምርጫዎቹን ዝርዝር እያንዳንዱ የኮድ ፋይል ያነበዋል። አንዲት ምርጫ ብትቀየር ዝርዝሩ ተቀየረ ማለት ነው፤ በሜክ ሕግ ደግሞ ከርነሉ በሙሉ እንደገና መሠራት ሊኖርበት ነው። ይህን የሚያስቀረው ፊክስዴፕ የሚባል ትንሽ ፕሮግራም ነው። የኮድ ፋይሎቹን ገልጦ የትኞቹን ምርጫዎች በስም እንደሚጠሩ ይለቅማል፤ ከዚያም እያንዳንዱን ፋይል ከትልቁ ዝርዝር ፈትቶ ከሚጠራቸው ምርጫዎች ጋር ብቻ ያስረዋል። የከርነሉ የግንባታ ሥርዓት እያንዳንዱ ፋይል የተሠራበትን ትእዛዝ ጭምር መዝግቦ ያስቀምጣል፤ ትእዛዙ ከተለወጠ ኮዱ ባይነካም ሥራው ይደገማል። በዚህ ዘርፍ ከዚህ የበለጠ የሚያምር ሥራ ማግኘት ይከብዳል።

ግንባታው ሲበላሽስ? በአንድ ጊዜ ብዙ ሥራ እንዲካሄድ ከታዘዘ የስሕተት መልእክቶች ይደበላለቃሉ፤ በስክሪኑ ግርጌ የሚታየው የመጨረሻው መልእክት ብዙውን ጊዜ መዘዝ እንጂ ምክንያት አይደለም። ልምድ ያለው ሰው ሥራው አንድ በአንድ እንዲሄድና ትእዛዞቹ ሳይቆረጡ እንዲታዩ አድርጎ እንደገና ያስኬደዋል፤ ከዚያም የመጀመሪያውን ስሕተት ይፈልጋል።

ኡቡንቱ በተባለው የሊኑክስ ስርጭት ላይ የሚታወቅ ምሳሌ አለ። ተጠቃሚው የማሽኑን የኮንፊግ ፋይል ቀድቶ ከዋናው ምንጭ ያወረደውን ከርነል መገንባት ይጀምራል። ትንሽ ሄዶ ሜክ አንድ የምስክር ወረቀት ፋይል የሚሠራበት ደንብ የለኝም ብሎ ይቆማል። ኮዱ ጤነኛ ነው። የተቀዳው ኮንፊግ በስም የሚጠራው ያ ፋይል በኡቡንቱ አዘጋጆች ምንጭ እንጂ በዋናው ውስጥ የለም። ፋይሉን የሚጠራውን ምርጫ ባዶ ማድረግ ይህን ስሕተት ያስወግዳል።

ብዙዎች ግን ነገር ሲበላሽ ሜክ ክሊን ብለው የተሠራውን ሁሉ ጠርገው ከዜሮ ይጀምራሉ። ብዙ ጊዜ ይሠራል፤ መንስኤው በሜክፋይሉ ላይ ያልተጻፈ የፋይሎች ጥገኝነት ከሆነ ግን እንደተደበቀ ይተወዋል፣ ነገም ሌላ ባልደረባ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ በትልቅ ፕሮጀክት የምትሠሩ ሁሉ፣ ከመጥረጋችሁ በፊት የትኛው ፋይል በየትኛው ላይ እንደተመሠረተ ፈልጉና ሜክፋይሉ ላይ ጻፉት።