ከካላ አዛር ሕክምና በኋላ የመከላከያ ኃይል ማገገም

በአብርሃ ጅራና በመተማ ቆላ ለሰሊጥ ሥራ የሚወርዱ ወቅታዊ ሠራተኞች በአሸዋ ዝንብ ንክሻ ለካላ አዛር ይጋለጣሉ። የበሽታው ተህዋስ በጣፊያ፣ በጉበትና በመቅኔ ይራባል፤ ሕክምናው ጨርሶ ስለማያጠፋው ቀሪውን አፍኖ የሚይዘው የሰውነት መከላከያ ኃይል ነው።

ኤች አይ ቪ በደማቸው በሚገኝ ሕሙማን ዘንድ ይህ ኃይል፣ መቅኔ እንደተተካለት ሕመምተኛ ሁሉ፣ የሚመለሰው ቀስ በቀስ ነው። የሲዲ 4 ቁጥር ከ200 በታች ሳለ በሽታው ደጋግሞ ሊያገረሽ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መመሪያ ለምሥራቅ አፍሪካ ሕሙማን ሊፖሶማል አምፎተሪሲን ቢ ከሚልቴፎሲን ጋር እንዲሰጥ፣ የማገርሸት መከላከያም እንዲከተል ይመክራል።

የአርኬ 39 ምርመራ ከፈውስ በኋላም ፖዘቲቭ ሆኖ ስለሚቆይ ማገርሸትን ለማረጋገጥ የጣፊያ ወይም የመቅኔ ናሙና ያስፈልጋል። ሠራተኛው ወደ ቀዬው ሲመለስም የፀረ ኤች አይ ቪ ሕክምናው እንዳይቋረጥ በሪፈራል ሊሸኝ ይገባል።