አበል ዛሬ ይበላል፣ ደመወዝ ነገ ይጦራል



ከእኛ መካከል አንዳንዱ ተመርቆ የመንግሥት ትምህርት ቤት ይገባል። ሌላው ደግሞ በሶዶ፣ በቦዲቲ ወይም በአረካ የበጎ አድራጎት ድርጅት ይቀጥረው ይሆናል። የቅጥር ውል ሲሰጠን ዓይናችን የሚሮጠው ወደ ጠቅላላው ድምር ነው። ታዲያ ድምሩ ከምንና ከምን እንደተሠራ የሚጠይቅ ስንቱ ነው?

ነገሩን ከሥሩ እንየው። የመንግሥት ሠራተኛ ጡረታ በአዋጅ ቁጥር 209/1955 ከተደነገገ ቆይቷል። የግልና የበጎ አድራጎት ድርጅት ሠራተኛ ግን አዋጅ ቁጥር 715/2003 እስኪወጣ ድረስ እንዲህ ያለ ሕግ አልነበረውም። ድርጅቱ ፕሮቪደንት ፈንድ ካላቋቋመ በቀር እርጅናውን የሚጠብቀው ባዶ እጁን ነበር። ያ አዋጅ በ2014 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1268/2014 ተተክቷል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሠራተኛው 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ፣ በድምሩ 18 በመቶ በየወሩ ለጡረታ ይገባል። ልብ በሉ፦ መቶኛው የሚሰላው በመደበኛው ደመወዝ ላይ ብቻ ነው። የቤት፣ የትራንስፖርትና የኃላፊነት አበል ከሒሳቡ ውጭ ነው።

በምሳሌ እንየው። ሁለት መምህራን እያንዳንዳቸው በወር 10,000 ብር ያገኛሉ እንበል። የአንደኛው ሙሉ በሙሉ ደመወዝ ነው። የሁለተኛው 6,000 ደመወዝ፣ 4,000 አበል ነው። ለመጀመሪያው 1,800 ብር ሲገባለት ለሁለተኛው የሚገባው 1,080 ብር ብቻ ነው። ዛሬ ሁለተኛው 280 ብር የበለጠ ኪሱ ይገባል፤ አሠሪውም 440 ብር ይተርፈዋል። ሁለቱም ደስ ይላቸዋል!

ጣጣው የሚመጣው በ60 ዓመት ነው። ለ10 ዓመት አገልግሎት የጡረታ አበሉ ከመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ ሲሆን፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል። 30 ዓመት ላገለገለ 55 በመቶ መሆኑ ነው። ደመወዛቸው ባይለወጥ የመጀመሪያው 5,500 ብር፣ ሁለተኛው 3,300 ብር ያገኛሉ። በወር 2,200 ብር ልዩነት፣ እስከ ዕድሜ ልክ!

እርግጥ ነው፣ ቤት ኪራይ ላስጨነቀው ሰው አበል ይጠቅማል። አበልን እንጥላ አላልንም። ግን የደመወዝ ጭማሪ ሲመጣ «በአበል ይሁን ወይስ በደመወዝ?» ብሎ መነጋገር ይቻላል። ከጡረታው በላይ ፕሮቪደንት ፈንድ ያለው ድርጅት ከሆነም፣ ከጥቅማ ጥቅሙ የተወሰነው ወደዚያ እንዲገባ መስማማት ይቻላል። የፕሮቪደንት ገንዘብ ግን በአንድ ጊዜ የሚሰጥ ስለሆነ ሳይታወቅ ሊያልቅ ይችላል፤ ጡረታ ወር በወር ይመጣል።

ስለዚህ ከመፈረማችን በፊት ሦስት ነገር እንጠይቅ፦ መደበኛ ደመወዜ ስንት ነው? የጡረታ መለያ ቁጥር ይወጣልኛል ወይ? መዋጮዬስ በየወሩ ገቢ ይሆናል? ከመንግሥት ወደ ድርጅት፣ ከድርጅትም ወደ መንግሥት ስንዛወር የቀድሞው አገልግሎት ስለሚታሰብልን ማስረጃችንን ጠበቅ አድርገን እንያዝ።

ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ዛሬ መጠየቅ አያሳፍርም።