ለመሣሪያ የተሠራ ሕንፃና መልኩ

ማናቸውም ቤት ልኩን የሚወስደው ከሚኖርበት ሰው አካል መሆኑ የታወቀ ነው። የበሩ ከፍታ ከቁመታችን፥ የደረጃው ልክ ከእርምጃችን፥ መስኮቱም ብርሃንና አየር ከመፈለጋችን የመጣ ነው። እንግዲህ ነዋሪው ሰው መሆኑ ቀርቶ መሣሪያ ሲሆን የሕንፃው መልክ ከምን ይነሣል? ይህን ጥያቄ በሁለት ምሳሌ እንመለከታለን።

የመጀመሪያው ፒተር ቤረንስ የነደፈውና እ.ኤ.አ. በ1909 በበርሊን የተሠራው የአ.ኤ.ጌ. ኩባንያ የተርባይን ፋብሪካ ነው። አዳራሹ እጅግ ከፍ ያለው ከባድ የተርባይን ክፍሎችን የሚያመላልሰው ክሬን ከላይ እንዲያልፍ ነው። ነገር ግን ከሥሩ ሠራተኞች ስለ ነበሩ ጎኑ ብርሃን በሚያስገባ ሰፊ መስታወት ተሸፈነ። በማዕዘኖቹ የሚታየው ከባድ መሳይ የሲሚንቶ ግንብም ጣሪያውን አይሸከምም፤ የሚሸከመው ብረቱ ነው። ግንቡ የቆመው ለተመልካች ዓይን ነው።

ሁለተኛው ጆን ካርል ዋርኔኪ የነደፈው፥ እ.ኤ.አ. በ1974 በኒው ዮርክ በቶማስ ጎዳና ቁጥር 33 ተሠርቶ የተፈጸመው የረጅም ርቀት የስልክ ማገናኛ ሕንፃ ነው። ፎቁ 29፥ ቁመቱ 168 ሜትር ያህል ሲሆን መስኮት የለውም። የያንዳንዱ ፎቅ ከፍታ 5 ሜትር ተኩል ገደማ ነው፤ የተለካው በሰው ሳይሆን በስልክ መሣሪያዎች ነውና። ወለሉም ክብደታቸውን እንዲችል ተጠናክሯል። መሣሪያ የፀሐይ ብርሃን አይሻም፤ ሙቀቱን የሚወስድለት አየር ግን ይሻል። ስለዚህ በመስኮቱ ፈንታ ታላላቅ የአየር መተንፈሻዎች ገቡ። ከዚህም ሌላ የአቶሚክ ጦርነት ቢነሣ ሕንፃው ለሁለት ሳምንት ያህል ራሱን ችሎ እንዲቆይ ታስቦ ነበር።

ከነዚህ ምሳሌዎች የምንረዳው፥ መሣሪያ የሚጠይቀው የውስጡን ስፋት፥ ጥንካሬና ቅዝቃዜ ብቻ መሆኑን ነው። ስለ ውጭው መልክ ግድ የለውም፤ የኒው ዮርኩን ሕንፃ ፊት በግራናይት ያስለበጠው የሰው ምርጫ ነው።

ዛሬ በየአገሩ ለኮምፒዩተር መረጃ ማከማቻ የሚሠሩት ሕንፃዎች ብዙዎቹ መስኮት የሌላቸው ሰፋፊ ሣጥኖች ናቸው። «የመሣሪያ ቤት መልክ ምን ያደርግለታል?» የሚል አይጠፋም። እኛ ግን በዚህ አንስማማም። በውስጡ ሰው ባይኖርም በአጠገቡ የሚያልፍ መንገደኛና የሚኖር ጎረቤት አለ። ስለዚህ ነዳፊው መሣሪያው የሚፈልገውን ከፈጸመ በኋላ፥ ሙቀቱና ድምፁ ወደ ማን እንደሚወጣ፥ መንገደኛውም በግንቡ ሥር ምን እንደሚያገኝ ሊጠየቅ ይገባዋል።