በመኪና በር ውስጥ የተደበቀው ቀለበት፦ የድምፅም የደኅንነትም ጉዳይ

የመኪና ስፒከር ሲቀደድ ወይም ሲያረጅ፣ ባለንብረቱ ከፋብሪካው የተሻለ ሌላ ገዝቶ ለመተካት ያስባል። ሆኖም አዲሱ ዕቃ ብዙ ጊዜ ከበሩ ጋር አይስማማም። የበሩ ቀዳዳ ሞላላ ሆኖ ስፒከሩ ክብ ይሆናል፤ ወይም ስፒከሩ ጥልቀት ስላለው መስታወቱ ሲወርድ ከጀርባው ማግኔት ጋር ይጋጫል። ይህን አለመጣጣም የሚፈታው በስፒከሩና በበሩ ብረት መካከል የሚገባ ቀለበት ነው። ባለሙያዎች ስፔሰር ይሉታል። ዋጋው አነስተኛ፣ አሠራሩም ቀላል ቢመስልም፣ በትክክል ካልተሠራ ውዱን ስፒከር ዋጋ ቢስ ያደርገዋል፤ ከዚያም አልፎ የተሳፋሪን ደኅንነት ሊነካ ይችላል።

ከአትላንታ በስተሰሜን ምሥራቅ፣ በግዊኔት ካውንቲ የምትገኘው ኖርክሮስ ለዚህ ዓይነቱ ጥያቄ እንግዳ አይደለችም። ኮምፒውተርን ከስልክ መስመር ጋር ያገናኘውንና እ.ኤ.አ. በ1981 ለገበያ የቀረበውን ስማርትሞደም የሠራው ሄይስ ኩባንያ ዋና መሥሪያ ቤቱ በዚህች ከተማ ነበር። ሞደሙም ሆነ ቀለበቱ የሚሠሩት አንድ ዓይነት ሥራ ነው፤ እርስ በርስ እንዲገጥሙ ያልተሠሩ ሁለት ነገሮችን ያስማማሉ። ዛሬ በኖርክሮስ በኩል በሚያልፈው የቢውፈርድ አውራ ጎዳና ዳርና ዳር ከልዩ ልዩ አገሮች የመጡ ሰዎች ሱቆችና ምግብ ቤቶች ተደርድረዋል። በአትላንታና በአካባቢዋ ከሚኖሩት ኢትዮጵያውያን መካከልም በታክሲና በመተግበሪያ በሚጠሩ መኪኖች የሚተዳደሩ ጥቂት አይደሉም። ለእነርሱ መኪና የሥራ ቦታ ነው፤ መንገድ የሚጠቁመውን የስልክ ድምፅም፣ የአገር ቤቱን ዜናና ዘፈንም የሚሰሙት በበሩ ስፒከር ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ከፋብሪካው አሠራር ነው። በብዙ መኪኖች፣ በተለይም በበርካታ የቶዮታ ሞዴሎች፣ የመጀመሪያው ስፒከር ከፕላስቲክ መያዣው ጋር አንድ ወጥ ሆኖ ተሠርቶ በሪቬት በበሩ ላይ ይታሰራል። ማራቂያውም፣ መያዣውም፣ ስፒከሩም አንድ አካል ናቸው። አሮጌው ሲነቀል ማራቂያው አብሮ ይሄዳል፤ አዲሱ ስፒከር ግን ይህን ክፍል ይዞ አይመጣም። የፊት በሮች ቀዳዳ ብዙ ጊዜ 6 በ9 ኢንች ሞላላ ሲሆን፣ በገበያ በስፋት የሚገኘው ደግሞ 6.5 ኢንች ክብ ስፒከር ነው።

ቀለበቱ ስፒከሩን ከመያዝ የበለጠ ሥራ አለው። ዛሬ የምንጠቀምበትን የስፒከር ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1925 ያስተዋወቁት የጄኔራል ኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ቼስተር ራይስና ኤድዋርድ ኬሎግ ነበሩ። በዚህ አሠራር የስፒከሩ ሾጣጣ ወረቀት ወደ ፊት ሲገፋ ከፊቱ ያለው አየር ይታመቃል፤ በዚያው ቅጽበት ከኋላው ያለው አየር ይሳሳል። ስለዚህ ከፊትና ከኋላ የሚወጡት ሞገዶች ተቃራኒ ናቸው። ሁለቱ ሲገናኙ ይሰራረዛሉ። የ100 ኸርዝ ድምፅ በአየር ውስጥ 3.4 ሜትር ገደማ የሞገድ ርዝመት ስላለው፣ በስፒከሩ ዙሪያ በቀረ ጠባብ ክፍተት በቀላሉ ዞሮ ከፊተኛው ጋር ይገናኛል። የ5,000 ኸርዝ ድምፅ ሞገድ ግን 7 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ በዚህ እምብዛም አይጎዳም። በሚገባ ያልታሸገ ስፒከር ቀጭኑን ድምፅ እያሰማ ከበሮውንና የባስ ጊታሩን የሚያጠፋው በዚህ ምክንያት ነው። አድማጩ ስፒከሩን ይወቅሳል፤ ጥፋቱ ግን የክፍተቱ ነው።

የቀለበቱ ውፍረት በግምት አይወሰንም። በመጀመሪያ መስታወቱ እስከ መጨረሻው ወርዶ፣ ከበሩ ብረት እስከ መስታወቱ ያለው ርቀት ይለካል። ለምሳሌ ርቀቱ 55 ሚሊ ሜትር፣ የስፒከሩ ጥልቀት ደግሞ 65 ሚሊ ሜትር ቢሆን 10 ሚሊ ሜትር ይጎድላል። በሩ ሲዘጋና መኪናው ሲናወጥ እንዳይነካካ 6 ሚሊ ሜትር መጠባበቂያ ቢታከል 16 ይሆናል፤ ስለዚህ 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ጣውላ ይበቃል። ከዚያ በኋላ የፊቱም ወገን መፈተሽ አለበት። ቀለበቱ ከመጠን በላይ ከወፈረ ስፒከሩ ከበሩ ሽፋን ጋር ይጋጫል፤ ወረቀቱም ለመንቀሳቀስ ቦታ ያጣል።

የሚሠራበት ነገር ምርጫም ከአየሩ ጠባይ ጋር ይያያዛል። የመኪና በር ውስጡ ደረቅ አይደለም፤ ዝናብ በመስታወቱ ጠርዝ ገብቶ በግርጌው ባሉ ቀዳዳዎች እንዲወጣ ሆኖ የተሠራ ነው። አትላንታ ደግሞ በዓመት ከ1,200 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች። ኤምዲኤፍ የተባለው ጣውላ ለመቁረጥ ቀላል ቢሆንም፣ በሁሉም ገጽታው ቀለም ወይም ቫርኒሽ ካልጠጣ ውሃ ስቦ ያብጣል፣ ብሎኑንም ይለቃል። የወጥ ቤት መክተፊያ የሚሠራበት ወፍራም ፕላስቲክ ውሃ አይጠጣም፤ በተራ መጋዝም ይቆረጣል። በሦስት አውታር ማተሚያ ለሚሠሩ ሰዎች ደግሞ ሙቀት ፈተና ነው። የተለመደው ፒኤልኤ በ60 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ መለስለስ ስለሚጀምር፣ በጆርጂያ በጋ ፀሐይ ላይ ለቆመ መኪና አይታመንም። እስከ 100 ዲግሪ ገደማ ቅርጹን የሚጠብቀው ኤቢኤስ ይሻላል።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚሻው ግን የደኅንነቱ ነገር ነው። በብዙ አዳዲስ መኪኖች በር ውስጥ የአየር ግፊት ጠቋሚ አለ። መኪናው ከጎን ሲመታ የበሩ ብረት ወደ ውስጥ ይገፋል፤ በውስጡ ያለው አየር በድንገት ይታመቃል፤ ጠቋሚውም ይህን አንብቦ የጎኑ የአየር ከረጢት እንዲነፋ ምልክት ይሰጣል። በሩ ላይ አዲስ ቀዳዳ ከተበሳ፣ ወይም የስፒከሩ ዙሪያ ክፍት ከቀረ፣ አየሩ ስለሚያመልጥ ምልክቱ ሊዛባ ይችላል። አንዳንድ አምራቾች በመመሪያ መጽሐፎቻቸው የበሩን ክፍሎች ስለመለወጥ የሚያስጠነቅቁት ለዚህ ነው። ስለሆነም ብረቱን ከመቁረጥ በፊት የመኪናውን መመሪያ ማንበብ፣ የበሩን የውስጥ ላስቲክ ሳይቀደድ ወደ ቦታው መመለስ፣ የውሃ መውጫዎቹንም አለመድፈን ግድ ነው።

ይህ ዕውቀት ለአሜሪካ ብቻ የሚጠቅም አይደለም። በአዲስ አበባ ከመርካቶ ሶማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ የሚገዛ ሰው ተመሳሳይ አለመጣጣም ይገጥመዋል፤ አሮጌው ዕቃ አዲስ አገልግሎት በሚያገኝበት በምናለሽ ተራም እንዲህ ያለውን ቀለበት ቆርጦ የሚያወጣ እጅ አይጠፋም። ሊታከልበት የሚገባው ልኬቱና ማሸጊያው ነው። በቀለበቱና በብረቱ መካከል የሚገባ ስስ ስፖንጅ አየሩን ያግዳል፣ መንቀጥቀጡንም ይቀንሳል።

ሥራው ሲያልቅ የበሩ ሽፋን ከመገጠሙ በፊት መስታወቱን ደጋግሞ ከፍና ዝቅ ማድረግ፣ በሩንም ጠንከር አድርጎ መዝጋት ያስፈልጋል። ከዚያም ባስ የሚበዛበት ሙዚቃ ከፍቶ መዳፍን በቀለበቱ ዙሪያ ማዞር ነው፤ ንፋስ የሚሰማ ከሆነ ማሸጊያው ገና አላበቃም። ይህን ፈተና ያለፈ ርካሽ ስፒከር፣ ፈተናውን ከወደቀ ውድ ስፒከር የተሻለ ድምፅ ያሰማል።