ከጎብዬ ጂዳ፦ የአየር ርቀትና የመንገደኛው ሰዓት

ጎብዬ ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው አስፋልት ላይ ያለች የራያ ከተማ ናት። ከራያ ቆላ ወደ ሳውዲ ለሥራ የሚወጣው ሰው ብዙ ስለሆነ፣ «ጂዳ ስንት ሰዓት ያስኬዳል?» የሚለው ጥያቄ እዚህ እንግዳ አይደለም። መልሱ ግን ሁለት ነው፤ የአውሮፕላኑ አንድ፣ የመንገደኛው ሌላ።

የአየር ርቀት የሚባለው በሁለት ከተሞች መካከል በምድር ገጽ ላይ ሊሰመር የሚችለው አጭሩ መስመር ነው። ከተሞቹ ከደቡብ ወደ ሰሜን ከተሰለፉ ስሌቱ በወረቀት ይሠራል፤ አንድ የኬክሮስ ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር ያህል ነውና። አዲስ አበባ 9ኛው ዲግሪ ላይ፣ ጎብዬ 12ኛው አጠገብ ናቸው። በመካከላቸው ያለው 3 ዲግሪ በ111 ሲባዛ 333 ኪሎ ሜትር ይመጣል። በመኪና ግን ከ500 ይበልጣል።

ጂዳ ደግሞ ከ21ኛው ዲግሪ አለፍ ብላ፣ ከሁለቱ በስተሰሜን ትገኛለች። ከአዲስ አበባ 1,400 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከጎብዬ 1,080 ገደማ ትርቃለች። ስለዚህ የጎብዬ መንገደኛ መጀመሪያ ወደ ደቡብ ሄዶ ቦሌ ይሳፈራል፤ ከዚያ የመጣበትን አቅጣጫ ይዞ ይመለሳል። ከቦሌ ጂዳ የሚሰመረው ቀጥተኛ መስመር በላሊበላ አካባቢ፣ ከጎብዬ በስተምዕራብ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ያልፋል።

ርቀቱን ለፍጥነት ማካፈል ብቻውን የበረራ ሰዓት አይሰጥም። ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ በአየር 250 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በአገር ውስጥ የሚበረው ባለ ፕሮፔለሩ ኪው 400 በሰዓት 660 ኪሎ ሜትር ገደማ መብረር ይችላል፤ በዚህ ሂሳብ 23 ደቂቃ ይበቃው ነበር። ትኬት ላይ የሚጻፈው ግን አንድ ሰዓት ገደማ ነው። አውሮፕላኑ ከቆመበት ተነቃንቆ መንደርደሪያው ጋ እስኪደርስ፣ ከፍታ እስኪይዝ፣ ፍጥነቱን ቀንሶ እስኪወርድና ተራ ጠብቆ እስኪያርፍ ያለው ሁሉ ይታሰባል። ወደ ጂዳ በጄት ሁለት ሰዓት ገደማ የሚባለውም እንዲሁ ነው።

የመንገደኛውን ሰዓት የሚያስረዝመው መሬቱ ነው። የላሊበላ አውሮፕላን ማረፊያ ከጎብዬ በቀጥታ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም፣ የላስታ ተራራ መሃል ገብቶ ዋናውን መንገድ በወልድያና በጋሸና ያዞረዋል፤ ርቀቱም ከእጥፍ በላይ ይሆናል። ወደ ኮምቦልቻ የሚሄደውም ወልድያን፣ መርሳን፣ ውርጌሳንና ሐይቅን አልፎ ደሴ ይወጣል፤ ከዚያ የሐረጎን ጠመዝማዛ ይወርዳል። መንገዱ ሰላም በሆነበት ቀን እንኳ መኪናው ላይ የሚያልፈው ሰዓት አየር ላይ ከሚያልፈው ይበልጣል። ለጎብዬ ሰው ጉዞ የሚያሳጥርለት ከፈጣን አውሮፕላን ይልቅ ደህና መንገድና በቅርብ የሚገኝ ማረፊያ ነው።

ትኬት ሲነበብ ቀኑን ማጥራት ያስፈልጋል። የትኬት ቀን የሚለወጠው በእኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነው። «ማክሰኞ 00፡30» የሚል ትኬት የያዘ ሰው የሚበረው ሰኞ ማታ ለማክሰኞ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 6፡30 ነው። ሰኞ ማታ 3፡30 ላይ ቦሌ መገኘት አለበት፤ ይህም ማለት ከጎብዬ ቢዘገይ እሁድ ጠዋት መነሳት ይበጀዋል።