ለፊዚክስ ውድድር ወሎ ውስጥ፣ ደጋን ከተማ ሆኖ መዘጋጀት

በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ብዙ ጥያቄ በአጭር ጊዜ ይቀርባል፤ ተማሪው ትክክለኛውን ፊደል መርጦ ያልፋል። የፊዚክስ ውድድር ግን ጥቂት ጥያቄ ሰጥቶ ረጅም ሰዓት ይፈቅዳል፤ ነጥብ የሚያሰጠውም መልሱ ብቻ ሳይሆን የአሠራሩ ደረጃ ጭምር ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 በፖላንድ ዋርሶ የተጀመረውን ዓለም አቀፍ የፊዚክስ ኦሊምፒያድ እንመልከት። ዩኒቨርሲቲ ያልገቡና 20 ዓመት ያልሞላቸው፣ ከአንድ አገር እስከ 5 ተማሪዎች ይወዳደራሉ። የንድፈ ሐሳቡ ፈተና 30፣ የሙከራው 20 ነጥብ ይይዛል፤ በተለያየ ቀን ለየራሳቸው 5 ሰዓት አላቸው። ዝግጅቱም እንዲሁ ሁለት ወገን ሊኖረው ይገባል።

ጥያቄን ከአካባቢ ማውጣት

ከደሴ በሐረጎ አድርጎ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ 10 ቶን የጭነት መኪና 600 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል እንበል። መጠነ ቁሱን 10,000 ኪሎ ግራም በ9.8 እና በ600 ስናባዛ 59 ሚሊዮን ጁል ገደማ እናገኛለን። ፍጥነቱ ካልጨመረ ይህ ጉልበት ወዴት ሄደ?

ሁሉም ወደ ፍሬኑ ገባ፣ የፍሬኑ ብረትም 100 ኪሎ ግራም ነው ብለን እናስብ። አንድ ኪሎ ብረት በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ 450 ጁል ያህል ስለሚፈልግ፣ ሙቀቱ ከ1,300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይጨምራል። ይህ ሊሆን አይችልም፤ ስለዚህ መነሻ ግምታችን ተሳስቷል። ከሙቀቱ ብዙውን አየር ይወስደዋል፤ ሾፌሩ በከባድ ማርሽ ሲወርድ ደግሞ ሞተሩ ትልቅ ድርሻ ይሸከማል። ውድድር የሚፈልገው እንዲህ ያለውን ልማድ ነው፦ ማስላት፣ ቁጥሩን መጠራጠር፣ ግምቱን ማረም።

ያለ ላቦራቶሪ መለካት

ለሙከራው ክር፣ ድንጋይ፣ ሜትርና የስልክ ሰዓት ይበቃሉ። ከታሰረበት እስከ ድንጋዩ መሐል 1 ሜትር የሆነ ፔንዱለም፣ በጥቂቱ ሲወዛወዝ፣ ሄዶ ለመመለስ 2 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። 39.5ን በክሩ ርዝመት አባዝቶ ለጊዜው ስኩዌር ማካፈል የመሬትን ስበት ይሰጣል።

ቁም ነገሩ ስሕተቱ ላይ ነው። እጃችን ሰዓቱን ሲያስነሳና ሲያቆም 0.2 ሰከንድ ቢሳሳት፣ አንድ ውዝዋዜ ለለካ ሰው ስሕተቱ 10 በመቶ ነው፤ ጊዜው ስኩዌር ስለሚሆን በስበቱ ላይ ወደ 20 በመቶ ይደርሳል። 20 ውዝዋዜ በአንድ ላይ ከተለካ ግን ያው 0.2 ሰከንድ ለ40 ሰከንድ ይከፋፈልና የስበቱ ስሕተት ወደ 1 በመቶ ይወርዳል።

ሳምንቱን መከፋፈል

በሳምንት አንድ ከባድ ጥያቄና አንድ ልኬት ይበቃል። ጥያቄውን ቢያንስ ለሁለት ሰዓት መልስ ሳያዩ መታገል፣ ቀጥሎም አሠራሩን ለጓደኛ በጽሑፍ ማስረዳት ነው። ያለፉት ዓመታት የኦሊምፒያድ ጥያቄዎች ከነመልሳቸው በኢንተርኔት በነጻ ይገኛሉ። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ኮምቦልቻ ላይ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ስላለው፣ መምህራን በትምህርት ቤቱ በኩል የላቦራቶሪ ጉብኝት ሊጠይቁ ይችላሉ። መነሻው ግን የ9ኛና የ10ኛ ክፍል መካኒክስ ነው፤ እሱ ሳይጠና የኦሊምፒያድ ጥያቄ መሞከር ጊዜ ማባከን ነው።