ማን ያስተርጉምላት? የቤት ውስጥ ጥቃት፣ ስደተኛ ሴቶችና ጤና ጣቢያ



የዛሬው ንግግሬ በአንድ ጥያቄ ላይ ያተኩራል፤ በቤቷ ጥቃት የሚደርስባት ስደተኛ ሴት ጤና ጣቢያ ስትመጣ ቃሏን የሚያስተረጉምላት ማን ነው?

ጥያቄውን ከቀፊራ ልጀምር። በዚህ ገበያ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ፣ አማርኛና ሐረሪ በአንድ መደብ ፊት ይሰማሉ። ድሬዳዋ ከባቡር ሐዲዱ ጋር የተቆረቆረች፣ በጅቡቲ መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። ስለዚህም ሥራ ፍለጋ የመጡ፣ ከቀያቸው የተፈናቀሉ፣ ድንበር የተሻገሩና ከስደት የተመለሱ ሴቶች ይገናኙባታል። ይሁን እንጂ ዋጋ ለመከራከር የሚበቃ ቋንቋ የቤትን ገመና ለመናገር አይበቃም።

በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ ሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚያሳየው፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆነ፣ አግብተው ከሚያውቁ ሴቶች 34 በመቶ የሚሆኑት ከትዳር አጋራቸው አካላዊ፣ ወሲባዊ ወይም ስሜታዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል። አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች ሁለት ሦስተኛ ያህሉ እርዳታ አልጠየቁም፤ ለማንም አልተናገሩም። ዘመድና ቋንቋ ያላት ይህን ያህል ዝም ካለች፣ ሁለቱም የሌላት እንዴት ትናገር?

ጥቃት በስሙ ተጠርቶ አይመጣም። ራስ ምታት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ምክንያቱ የማይገጥም ጉዳት ወይም የተቋረጠ የእርግዝና ክትትል ሆኖ ይመጣል። አስተርጓሚው ባሏ ወይም የባሏ ዘመድ ከሆነ፣ ነርሷ የምትሰማው የእርሱን ቃል ነው። ልጅም የእናቱን ሰቆቃ እንዲተረጉም ሊደረግ አይገባም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው መመሪያ ሴቶችን ሁሉ በጅምላ መጠየቅን አይመክርም። የሚመክረው፣ ምልክት ሲታይ የሠለጠነ ባለሙያ ሴቲቱን ለብቻዋ፣ ምስጢሯን ጠብቆ እንዲጠይቅ ነው። ከዚያ የሚከተለው ድጋፍም ቀላል ነው፤ ማዳመጥ፣ የሚያስፈልጋትን መጠየቅ፣ እንደምንቀበላት መግለጽ፣ ስለ ደኅንነቷ አብሮ ማሰብና ከሌሎች አገልግሎቶች ጋር ማገናኘት።

ስለዚህ ሁለት ነገሮችን አሳስባለሁ። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ታካሚ ለጥቂት ደቂቃ ለብቻው መታየቱ የጤና ጣቢያው ደንብ ይሁን፤ ደንቡ የሁሉም ከሆነ ባል ተለይቶ እንደተጠረጠረ አይቆጥረውም። ሁለተኛ፣ ምስጢር ለመጠበቅ ቃል የገባች፣ ከቤተሰቡ ጋር የማትተዋወቅ ሴት አስተርጓሚ ትዘጋጅ፤ በአካል ካልተገኘች በስልክ ታስተርጉም።

የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ለስደተኞች የጤና አገልግሎት የማግኘት መብት ይሰጣል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 564ም በትዳር አጋር ላይ የሚፈጸም ጥቃትን ይመለከታል። ነገር ግን እነዚህ መብቶች ለሴቲቱ በምትረዳው ቋንቋ፣ ባሏ በሌለበት ካልተነገሯት ልትጠቀምባቸው አትችልም። ነገ በጤና ጣቢያ የምትመደቡ ተማሪዎች፣ መድኃኒት ከመጻፋችሁ በፊት የምትሰሙት የማን ቃል እንደሆነ አረጋግጡ።